ከግንቡ ወዲያ የቀረው ማዳመጫ

ወይዘሮ ኦንዲናን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ለዓመታት ከኋላቸው ሄጃለሁ፤ ከኋላ የሚሄድ ሰው የሚያየው ደግሞ ጀርባ ነው። እሳቸው ለስብሰባ ወደ ትሪዬስቴ የሚመጡ እንግዶችን እየዞሩ የከተማችንን ሕንፃዎች ያሳያሉ። እኔ ለእንግዶቹ የጆሮ ማዳመጫ አድዬ፣ ሰው እንዳይጠፋ ከመጨረሻ እከተላለሁ። እሳቸው አንገታቸው ላይ በተንጠለጠለች ማይክሮፎን ዝግ ብለው ሲናገሩ ድምፃቸው የሁላችንም ጆሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ ድምፃቸውን አውቃለሁ። ስለ ሌላው ሌላ ሰው ቢጽፍ ይሻል ነበር፤ ግን የሚጽፍ አላየሁም።

ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል። ቀጭን ናቸው። ቦራ የምንለው ብርቱ ነፋስ ተነሥቶ እንግዶቹ ባርኔጣቸውን ሲያሳድዱ፣ እሳቸው ወደ ነፋሱ ዘንበል ብለው ስለ አንድ መስኮት ቅርጽ ማውራታቸውን አይተዉም። ሕንፃ የሚያሳዩት በጣታቸው ሳይሆን በአገጫቸው ነው። የሚወዱት ቤት ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ስለሚወርድ፣ እንግዶቹ ባትሪው ያለቀ መስሏቸው ማዳመጫውን ይነካካሉ።

በበጋ ከሥራ ውጭ የማገኛቸው ፔዶቺን ነው። ፔዶቺን የምንለው የከተማው ሕዝብ መዋኛ ነው፤ ጠጠራማውን ዳርቻ ለሁለት የሚከፍል ረጅም ነጭ ግንብ አለው። ወንዶች በዚያ፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚህ። ግንቡ ባሕሩ ውስጥ ጥቂት ገብቶ ያልቃል። እናፍርሰው የሚል ሰው ቢመጣ እኛ ሴቶቹ በጫማ ነው የምናባርረው። ምሳ ሰዓት ላይ አንዷ ሚስት አንገቷን አቅንታ፣ ሉቺያኖ በልተሃል ወይ ብላ ትጣራለች። ከወዲያ ሦስት ሉቺያኖዎች በአንድነት በልቻለሁ ይላሉ።

ሌላው ሰው ፀሐይ ሲሻማ ወይዘሮ ኦንዲና ፎጣቸውን የሚዘረጉት ከግንቡ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ነው። ሁልጊዜም አንድ ቦታ። የመዋኛ ጎረቤታቸው ሳቪና ምላሷ አያርፍም።

«ኦንዲና፣ ካልተደገፍሽው ይወድቃል እንዴ?»

«እሱ እኔን ሲደግፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ይሏታል።

የወይዘሮ ኦንዲናን ታሪክ የነገረችኝ ሳቪና ናት። ባላቸው ኔሬዮ የመርከብ ምግብ አብሳይ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ድንበሩ ማዶ፣ ኮረብታው ላይ እናቱ ያወረሱት ቤት ነበረውና እዚያ እንኑር አላቸው። እሳቸው ከመንገዶቼ አልለይም አሉ። ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኬላው ተነሣ፤ ድንበር የነበረው ቦታ ዛሬ አውቶቡስ ሳይቆም የሚያልፍበት መንገድ ነው። ቢሆንም አንዳቸው ወደ አንዳቸው አልተሻገሩም። ብቻ በየበጋው እሱ በአውቶቡስ እየመጣ ከግንቡ ወዲያ ይቀመጣል፣ እሳቸው ከግንቡ ወዲህ። በመካከላቸው የኖራ ቅብ ድንጋይ ብቻ አለ። አይጠራሩም። እሱ ግን ከመርከብ ጭስ የተረፈው ደረቅ ሳል አለበት። ያ ሳል ሲሰማ ወይዘሮ ኦንዲና የመጽሐፋቸውን ገጽ ይገልጣሉ። እስኪሰማ ድረስ መጽሐፉ እንደተከፈተ ይቆያል፤ አይነበብም።

ይኸው ሁለት በጋ ሆነ፣ ያ ሳል አልተሰማም።

ሳቪና ባሌን ልላክና አይቶ ይምጣ ብትላቸው ተቆጧት። ማንም ማንንም እንዲያይላቸው አይፈልጉም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ እሳቸው እስካልጠየቁ ድረስ ሰውየው ከግንቡ ወዲያ አለ። ልሳሳት እችላለሁ። ሲዋኙ ግን አይቻለሁ፤ ግንቡን ተከትለው እስከ ጫፉ ይሄዳሉ፣ አንድ ሁለት ጊዜ እጃቸውን ቢያወናጭፉ ወዲያኛው ይታያቸዋል። እዚያ ሲደርሱ ይመለሳሉ።

ባለፈው መስከረም የመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚዎች ከተማችን ተሰበሰቡ። አዘጋጇ ሚኬላ የምትባል ፈጣን ልጅ ናት፤ እንግዶቹ ስለ ፔዶቺን ግንብ ሰምተው ኖሮ ጉብኝቱ እዚያ ያልቅልን ብላ መጣች። ወይዘሮ ኦንዲና ግንብ ሕንፃ አይደለም፣ መዋኛም ሙዚየም አይደለም ብለው ዘጉት። ሚኬላ ተስፋ ቆርጣ ስልኳን ስትከፍት ግን ድንገት ጠየቋት።

«ወንዶቹ በወንዶቹ በኩል ነው የሚገቡት?»

«አዎ፣ መቼም ሕጉ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ይኼ ዕቃሽ ግንብ ያልፋል?»

ያልፋል አልኩ። እሺ አሉ።

በዕለቱ ከበሩ ላይ ሴትና ወንዱን ለየን። ወንዶቹ ውስጥ አስገር የሚባል ቀይ ጢም ያለው ዴንማርካዊ ነበር። ወይዘሮ ኦንዲና ለእሱ ሁለተኛ ማዳመጫ እንድጨምርለት አዘዙኝ። አንዱ ቢበላሽስ አሉ። ቅር አለኝ፤ ዕቃዎቹን የምፈትሸው እኔ ነኝ፣ እስከዚያ ቀን ጠይቀውኝም አያውቁ። ቢሆንም አውጥቼ ሰጠሁት።

ከዚያ እኛ ወዲህ፣ ወንዶቹ ወዲያ ሆነን፣ ወይዘሮ ኦንዲና ፊታቸውን ወደ ግንቡ መለሱ። በፎጣቸው ላይ የተጋደሙት ሴቶች ቀና ቀና ብለው አዩዋቸው። ስለ ድንጋዩና ስለ ኖራው ትንሽ ተናገሩ። ሲጨርሱ እንሄዳለን ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። እሳቸው ግን በጉብኝት ላይ ተናግረውት የማያውቁትን አንድ ተረት ጀመሩ።

ባሕሩ ዳር ካሉት ትልልቅ ሕንፃዎች ባንዱ ጣሪያ ላይ ወደ ባሕሩም ወደ ከተማውም የማትመለከት፣ በጎን የቆመች የድንጋይ ሴት አለች። የቀረጻት ሰው ሚስቱን አስመስሎ ነው የቀረጻት። ወደ ጣሪያው በምትወጣበት ቀን ግን ባልና ሚስቱ ተጣልተዋል። ሠራተኞቹ ፊቷን ወዴት እናዙረው ቢሉት፣ እኔን ምን ታደርጉኛላችሁ አለ። የተረቱን የመጨረሻ ቃል ወይዘሮ ኦንዲና እንደ ሌላው በእንግሊዝኛ አላሏትም፤ በከተማችን አነጋገር አሏት።

«እሷን ጠይቋት።»

ቀጥለው ለእንግዶቹ ተረጎሙላቸው። ሠራተኞቹ ጠየቋት፤ እስከ ዛሬ መልሷን እየጠበቁ ነው። ሳቪና በክርኗ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። ይኼ የኔሬዮ ተረት ነው አለችኝ፤ በሠርጋቸው ቀን ከሰገነት ላይ ሆኖ የፈጠረው።

ሴቶቹ ሳቁ። ከግንቡ ወዲያ የወንዶቹ ሳቅ ተነሣ። ወይዘሮ ኦንዲና አልሳቁም፤ ጆሯቸውን ወደ ድንጋዩ አስጠግተው ነበር። ሳቁ አለቀ። ሳል አልነበረም።

ከበሩ ላይ ማዳመጫዎቹን ስሰበስብ አስገር የመለሰልኝ አንድ ብቻ ነው። ሌላውስ አልኩት። ጢሙን እያሻሸ ይቅርታ ጠየቀ። ግንቡ ሥር የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ሁላቸውም ምን እንደሚሰሙ በእጁ ጠየቀው፤ አስገርም ትርፉን ሰጠው። መልስልኝ ሲለው ደግሞ ሰውየው በመዳፉ ጆሮውን ሸፍኖ እንቢ አለ። ቀምቶ ለመውሰድ ልቡ አልቻለም።

«በቃል ቢለምንህ ምን ነበረበት?» አሉት ወይዘሮ ኦንዲና። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ የሚወዱት ቤት ጋ ሲደርሱ እንደሚወርደው።

«ድምፅ የለውም፤ ጉሮሮው ላይ የቀዶ ሕክምና ነጭ ጨርቅ አለ» አለ አስገር። «አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ሌሎቻችን የሳቅነው ተረቱ ሲያልቅ ነው። እሱ እርስዎ ሳይጨርሱ ሳቀ። ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው።»

ወይዘሮ ኦንዲና ወደ ሆቴሉ የሚወስደውን አውቶቡስ ነገሩት። ነግረውት ሲያበቁ እንደገና ነገሩት። ከዚያ እንግዶቹን ሳይሸኙ ወደ ሴቶቹ በኩል ተመልሰው ገቡ።

ማይክሮፎኑን ለመቀበል ተከተልኳቸው። ፎጣቸውን ከግንቡ ሥር፣ በወትሮው ቦታ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ፀሐይ ከእኛ ወገን ሄዳ ሴቶቹ ዕቃቸውን እየሸከፉ ነበር። ማይክሮፎኗ አሁንም አንገታቸው ላይ ናት፤ መብራቷ አልጠፋም። እጄን ዘረጋሁ፤ አላዩኝም። ከወዲያ ጠጠር ላይ ወንበር የሚጎተት ድምፅ መጣ፣ ወደ ግንቡ የቀረበ። እሳቸው ትንፋሽ ሳቡ፤ ተናገሩ ስል መልሰው አወጡት።

ያኔ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም።

«ወይዘሮ ኦንዲና፣ ባለቤትዎን ምን ሊሏቸው ነው?» አልኩ።

በመዳፋቸው ማይክሮፎኗን ሸፈኑ።

«ይኼን አትጠይቂኝ» አሉኝ።