መርፌና እሾህ

ልብስ ሰፊዋ ጌሙን የወደደችው ስህተት ስላገኘችበት ነው። ልጇ ነርስ ሆና ሩቅ ከተማ ከተቀጠረች ወዲህ፣ በስልክ “ደህና ነሽ?”፣ “ደህና ነኝ” ከተባባሉ በኋላ ወሬው እያለቀባቸው ተቸገሩ። ስለዚህ ልጅቷ ለእረፍት ስትመጣ እናቷ ስልክ ላይ አንድ ጌም ጫነችላት። ሁለት መንገደኞች ካባ ለብሰው ተራራ ያቋርጣሉ፤ ሽፍታ ሲገጥማቸው ሰይፍ ይመዛሉ። “ከሥራ ስንወጣ አብረን እንሄዳለን፣ እየሄድን እናወራለን” አለቻት። ልጅቷ ወደ ሥራዋ ስትመለስ፣ እንዳለችው በየስልካቸው አንድ አንድ መንገደኛ ሆነው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ግን እናትየዋ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

“ምነው እማዬ? ሽፍቶቹ እኮ መጡ።”

“ይምጡ። ይሄ ሰውዬ በዚህ እጅጌ ሰይፍ አያነሳም። ብብቱ ጋ ጨርቅ አጥሮታል፤ ክንዱን ከፍ ሲያደርግ ካባው ይተረተራል።”

ሽፍቶቹ ሁለቱንም ገደሏቸው። ልጅቷ ሳቋ ሲያባራላት፣ “ይሄን ለሚገባቸው ሰዎች ንገሪ” ብላ የጌሙ ወዳጆች ኢንተርኔት ላይ የሚገናኙበትን ቡድን ጠቆመቻት። እዚያ ሰው ሁሉ የመንገደኞቹን ልብስና ጫማ ይስላል፣ ይለጥፋል፣ ይተቻቻል። ልብስ ሰፊዋ ልብስ የምትቆርጥበትን ቡናማ ወረቀት ዘረጋች፤ ካባው እንዴት መቆረጥ እንደነበረበት በጠመኔ ሳለች፤ ፎቶ አንስታ ለጠፈችው። ቡድኑ ስም ሲጠይቃት “መርፌ” ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ሱቋን ስትከፍት ሁለት መቶ ሰው አይቶት አሞግሶት አገኘች። አንድ ሰው ብቻ ነው ያላሞገሰው፤ ስሙ እሾህ ይባላል። “የካባው ኮፍያ አይረባም። ነፋስ ሲመጣ ዓይን ላይ ይወድቃል” ብሎ ጽፏል።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፋች ሴት ናት፤ ደሟ ፈላ። “ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው” ብላ መለሰችለትና ወደ ደንበኞቿ ዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አይጥና ድመት ሆኑ። እሱ ቁልፎቿን ሲነቅፍ እሷ እሱ የሳለውን ጫማ፣ “ይህን ያጠለቀ ሰው ተራራውን የሚወጣው በጉልበቱ እየዳኸ ነው” ትላለች። እሱ ስለ ክር ሲያነሳ እሷ አራት ገጽ ትጽፋለች።

እውነቱን ለመናገር በዕድሜዋ እንዲህ ተደስታ አታውቅም። ደንበኞቿ “እጅሽ ይባረክ” ይሏታል፤ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ይሄዳሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ኮሌታው ለምን ተኝቶ እንደተቀመጠ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እዚህ ግን ሰዎች ስለ አንድ ኮሌታ ሦስት ቀን ይጨቃጨቃሉ። ተሳስተሃል ይሏታል፤ ታጠፋና እንደገና ትስላለች። አዎ፣ “ተሳስተሃል” ነው የሚሏት። ቡድኑ መርፌን የሃያ ዓመት ጎረምሳ አድርጎ ነው የሚያስበው። “ብሮ” ይሉታል፣ “አንተ ግትር” ይሉታል። እሷም አላረመቻቸውም፤ ከጥርሷ ውስጥ ሳቅ እያመለጣት ማሽኗን ትረግጣለች።

ስምንት ወር ሲሞላ ቡድኑ በአካል እንገናኝ አለ። ቅዳሜ ጠዋት በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሥዕል ይሰቀላል፤ ልብሱን የሰፉም ለብሰው ይመጣሉ።

“ሂጂ እንጂ” አላት ባሏ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሰው ሁሉ ወዳሰበበት ቢሄድ ይወዳል።

“አልሄድም።”

“ይስቁብኛል ብለሽ?”

“ቢስቁብኝማ ምን ነበረበት። እንዳያከብሩኝ ነው የምፈራው።”

ባልየው ጋዜጣውን አጠፈ። “ይሄ ደግሞ እንዴት ያለ ፍርሃት ነው?”

“ሲያዩኝ ‘እማማ ይቀመጡ፣ እማማ ውሃ’ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ምንም ብስል ‘ያምራል’ ነው የሚሉኝ። እሾህም አፉን ይዘጋል። እሱ አፉን ከዘጋ ለኔ ምን ቀረልኝ?”

ሰውዬው ትንሽ አሰበና፣ “እንግዲያው ሄደሽ ዝም ብለሽ እያየሽ ተመለሺ። ማነሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም” አላት። ምክሩ ደግ ነበር፤ ዝም ማለት ለሚችል ሰው ቢሰጥ ኖሮ።

ቅዳሜ ሄደች። ልብስ የምትለካበት ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው ከቤት የወጣችው። አዳራሹ መጨረሻ፣ ግድግዳው ጥግ ቆመች። የጠመኔ ሥዕሎቿ በትልቁ ታትመው ተሰቅለዋል፤ ወጣቶች ከበው በጣታቸው ስፌቱን እየተከተሉ ይከራከራሉ። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ አንዲት የማታውቃት ልጅ መጣች። ካባውን ራሱን፣ የመርፌን ካባ፣ ሰፍታ ለብሳዋለች። ልብስ ሰፊዋ በወረቀት እንጂ በሰው ላይ አይታው አታውቅምና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን ዓይኗ ትከሻው ላይ ተተከለ። የቀኙ እጅጌ በግራ፣ የግራው በቀኝ ተሰፍቷል። ልጅቷ ደግሞ ፎቶ ልትነሳ የእንጨት ሰይፏን ማንሳት ጀምራለች።

“አታንሺ፣ ይተረተራል” አለች ልብስ ሰፊዋ፤ እግሯም ተከተላት። እስፒሎቿን ከደረቷ ነቅላ በጥርሷ ያዘች፤ ትንሿን መቀስ ከቦርሳዋ አውጥታ ትከሻውን መፍታት ጀመረች።

“እማማ፣ ይቅርታ” አለች ልጅቷ ደንግጣ፣ “ይሄ እኮ የመርፌ ሥራ ነው። እሱ እንዳለው ነው የሰፋሁት።”

“መቼ እንዲህ አልኩ?” አለች በእስፒሎቿ መሀል። “የእጅጌው አንድ ጭረት ያለበት ጎን ወደ ፊት፣ ሁለት ጭረት ያለበት ወደ ኋላ ነው ብዬ ጽፌ የለ?”

አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ “መርፌ?” አለ። አፏ በእስፒል ስለሞላ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

የፈሩት ይደርሳል። ወንበር መጣ፤ ሌላ ወንበር፣ ውሃም መጣ። ስምንት ወር ሙሉ “አንተ ግትር” ሲሏት የነበሩት እጅ ነሡ። “ሥራዎት በጣም ያምራል እማማ” አለ አንዱ። “ሁሉም ያምራል” አለች ሌላዋ። ተቀመጠች፤ ውሃውን በሁለት እጇ ይዛ አቀረቀረች። እንባዋ መጣ፤ ሁሉም የደስታ መሰላቸው።

ያኔ ከአዳራሹ ምሰሶ ጀርባ አንድ ግዙፍ ሰው ወጣ። የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋዋኑን አላወለቀም፤ ፌስታል ጨብጧል፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

“እሾህ ነኝ” አለ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። ታላቅ ሰው አይነቀፍም፣ አውቃለሁ። ኮፍያው ግን አሁንም አይረባም።”

ከጎኑ ያለው ልጅ ጋዋኑን ጎተተው። እሷ ቀና አለች። እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካች።

“በምን አወቅህ?”

“በልኩ ሰፍቼ ብስክሌት ላይ ሞከርኩት። ቁልቁለቱ ላይ ዓይኔን ሸፈነኝ፤ የጎረቤት የእሾህ አጥር ውስጥ ነው የገባሁት።” ክንዱን ገልጦ የተቧጨረውን አሳየ። “እሾህ ለአጣሪው ብለውኝ አልነበረም?”

ኮፍያውን ከፌስታሉ አውጥቶ ሰጣት። አጠለቀችው፤ አንዱን ልጅ በመጽሐፍ እንዲያራግብላት አዘዘችው። ኮፍያው አፍንጫዋ ድረስ ወደቀ። ከጨርቁ ስር ሳቅ ፈነዳ።

“ወንበሩን ውሰዱልኝ” አለች ኮፍያውን ሳታወልቅ። “ወለሉ ላይ ወረቀት ዘርጉ። እሾህ፣ ና ተንበርከክ፤ ነፋሱ ከየት በኩል ነው የመታህ?”

ቤቷ የገባችው ሲመሻሽ ነው። ባሏ በር ላይ ጠበቃት።

“እህስ፣ አከበሩሽ?”

“ትንሽ ሞክረው ነበር” አለች ጫማዋን ሳታወልቅ ቡናማውን ወረቀት እየዘረጋች። “ኋላ ግን ተሳስተሻል አሉኝ።”