ያዳነችኝን ከታሪኬ አላወጣም ስል

ከጅጅጋ የወጣሁት በመግሪብ ሰዓት ነው። ወንዶቹ መስጊድ ሲገቡ መንገዱ ጭር ስለሚል ኤዶ ፋዱማ ያንን ሰዓት መረጠችልኝ። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ የሥጋ ዘመዴ ግን አይደለችም፣ አጥር የምንዋሰን ጎረቤታችን ናት። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን የወታደር ቤተሰብ በታጠቁ ሶማሌዎች ሲታደን፣ አባቴም ከጦር ሰፈሩ እንደወጣ ሲቀር፣ የራሷን ልብስ አልብሳ ጠመንጃ ፊት የቆመችልኝ እሷ ናት። የቶጎጫሌ ጨርቅ የጫነ መኪና ላይ አወጣችኝና ስኳርና የሰሊጥ ዘይት የነካው ላሆህ፣ የሶማሌ ቂጣ፣ በፌስታል አስያዘችኝ። «አታልቅሺ፣ ሾፌሩ ይጠረጥራል» አለችኝ፣ እሷው እያለቀሰች።

ከድሬዳዋ በባቡር በሽንሌ አድርጌ ጅቡቲ ወረድኩ። ሰው ቤት ተቀጠርኩ፤ አሠሪዎቼ ለዕረፍት አሜሪካ ሲሄዱ ልጅ ያዥ ብለው ይዘውኝ ሄዱ፣ እዚያው ቀረሁ። ብርዱን አትጠይቁኝ። የጅጅጋ ነፋስ አቧራ ያለብስ ይሆናል እንጂ እንዲህ አጥንት አይገባም። እንጀራ ብለው የሚሸጡትን ደግሞ ባታዩት ይሻላል።

ቢሮ እያጸዳሁ ኮሌጅ ገባሁ። መምህሯ መጀመሪያ የሰጠችን የጥንት እንግሊዞች አሜሪካ ሲሰፍሩ የጻፉትን ነው። ባሕር አቋርጠው፣ ርቦአቸው፣ በመጀመሪያው ክረምት ግማሾቹን ቀብረው! እነዚህስ የኛው ሰዎች ናቸው ብዬ አዘንኩላቸው። ጥቂት ገጽ ሳልፍ ግን እህል ሰጥቶ ያተረፋቸውን ያገሬውን ሰው አውሬ ይሉታል። ከዚያ በአገሬው ሰዎች የተማረከች አንዲት ሴት የጻፈችው መጣ። ማራኪዎቿን ስትራገም ትቆይና፣ አንዲት አሮጊት ከድስቷ በቆሎ ጨልፋ እንደሰጠቻት ታነሳለች። ምስጋናው ግን ለእግዚአብሔር ብቻ ነው።

የክፍሉ ልጆች ሴትየዋን ሰደቧት።

«አንቺስ?» አለችኝ መምህሯ።

«ከጎኗ ሆኖ የአሮጊቷን ምስጋና አውጪ ያላት ሰው ሳይኖር አይቀርም።»

«በምን አወቅሽ?»

«እኔም ጎን አለ» አልኳት።

የኔው አቶ ግርማ ይባላል፤ ለሐበሻ ሁሉ የጥገኝነት ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። የኔን አንብቦ «ይቺን ፋዱማን አውጫት» አለኝ።

«አዳነችኝኮ!»

«ለዚህ ነዋ የምትወጣው። ሶማሌ አሳደደኝ ትያለሽ፣ ዞር ብለሽ ሶማሌ አዳነኝ ትያለሽ፤ ፈረንጅ ይደናገረዋል። እግዚአብሔር አዳነኝ በይ። እሱን ለምርመራ አይጠሩትም።»

አላወጣኋትም። ያቺ በቆሎ የሰጠች አሮጊት እንቅልፍ ነሥታኝ ነበር፤ ኤዶም እንደሷ ተረግማ ስትቀር ታየኝ።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነው፣ ውሃ ሁሉ ቀዳልኝ።

«የደበቀችሽ ጎረቤት ሶማሌ ናት?»

«አዎ።»

«አሁንም እዚያው ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት።»

«እንግዲያው ብትመለሺ የሚጠብቅሽ ሰው አለ» አለና ጻፈ። በእውነት ደስ ያለው ነበር የሚመስለው።

ጥያቄዬ ውድቅ ሆነ። ይግባኝ ብያለሁ፤ አቶ ግርማ ግን ዓይኔን አያይም። አባቴ የት እንደወደቀ አይታወቅም፣ ቤታችን ሌላ ሰው ገብቶበታል፣ የት ብዬ ልመለስ? ተስፋ ቆርጫለሁ፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ኤዶን በቀጠሮ ጅጅጋ ቴሌ አስጠራኋት። ልደብቃት ፈልጌ ነበር፣ ድምፄ አጋለጠኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

«እኔን ምን ብለሽ ነው ያነሳሽኝ?» አለች።

«አዳነችኝ ብዬ።»

ጮኸችብኝ።

«ወላሂ አብደሻል! ደበደበችኝ አትዪም ነበር? እዚያ ማን ያውቀኛል? ደግመው ከጠየቁሽ ፋዱማ ሌባ ናት፣ ፋዱማ አባረረችኝ በያቸው። እኔ ምን እሆናለሁ? እሺ በይኝ።»

«ኤዶ...»

«እሺ በይኝ አልኩሽ!»

እሺ አልኳት። ደስ ብሏት ስትመርቀኝ ሰማኋት።