ዓርብ ዓርብ የት ይበላ ነበር?

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ዓርብ ከሥራ ሲመለስ ያቀረብኩለትን ምስር ሳይነካ "በልቻለሁ" ይለኝ ነበር። የት? ፍራንክፈርት ባለው ፋብሪካቸው ካንቲን የማውቀው ቋሊማ ብቻ ነው። ጾሙን እየሻረ ኖሮ ይሆን?

አንድ ዓርብ የሥራ ባልደረባው ሊን፣ ቬትናማዊው፣ "እሱ የሚወደውን ቦታ ላሳይዎት" ብሎ ሽቫንሃይም ጫካ አጠገብ ወዳለ የቡድሃ መቅደስ ወሰደኝ። በአገራቸው ጥንታዊ መቅደስ አምሳል የተሠራ ነው፤ ኩሬውና ጥዶቹ ዓይን ያፈዝዛሉ። እኔ ግን የንስሐ አባቴ ቢሰሙስ እያልኩ ዙሪያዬን እቃኛለሁ። ደጁ ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አወለቅኩና ደነገጥኩ። ለጣዖት! መልሼ ላጠልቅ ስል ሊን "ይተዉት፣ እዚህም ይወለቃል" አለኝ።

ራሳቸውን የተላጩ አሮጊት መነኩሲት ትኩስ ሾርባ አቀረቡልኝ። በጀርመንኛ ምን ብዬ እንደምመልስ ጨንቆኝ ሳህኑን ገፋ አደረግኩት።

"የጾም ነው!" አሉኝ፣ በአማርኛ።

ወደ ሊን ዞርኩ። "ማን አስተማራቸው?"

"ባልዎት ነዋ" አለ ሊን። "ዓርብ ዓርብ እዚህ ነበር የሚበላው። ሥጋም ወተትም እዚህ አይገባም። ደግሞ ግትር ነበር እኮ! ዘጠኝ ሰዓት ካልሆነ ብሎ ከኩሬው ዳር አይነሳም።"