የጨንቻው እርጥብ ሶሌታ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ አርባ ምንጭ፣ አንድ የንግድ ሕንፃ አናት ላይ ነበር። የተቀጠርኩት ጣሪያ ውሃ እንዳያስገባ የሚለጠፈውን የሜምብሬን ጥቅል ለመሸከም ነው። ፎርማናችን ጋሽ አልታዬ ቁራጭ ላስቲክ በኮንክሪቱ ጣሪያ፣ በሶሌታው ላይ ዘርግተው ዳር ዳሩን በፕላስተር አሸጉና፣ "ነገ ጠዋት አንቺ ግለጪው" አሉኝ።

ስገልጠው ከስሩ ደረቅ ነው። "አልቦት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሥራ የለም ነበር" አሉ።

ቀስ በቀስ እሳት መያዝ ተማርኩ። የሜምብሬኑ ሆድ በጋዝ እሳት ሲሞቅ ሬንጁ ያብረቀርቃል፤ ያኔ እያንከባለሉ መለጠፍ ነው። በደጋ ብርድ ግን ጥቅሉ ይገተራል፤ እንደዚያው ከዘረጉት ይሰነጠቃል። ጨንቻ ስንሠራ ጥቅሎቹን ቤት ውስጥ ነበር የምናሳድራቸው።

አራት ሠራተኞች መምራት በጀመርኩ ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ጨንቻ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ጣሪያ እንድንጠግን ተላክን። አሮጌውን ልጠን አነሳን። ጉሙ ሦስት ቀን ሙሉ አልተገለጠም። የሙከራውን ላስቲክ ሳነሳው ከስሩ ውሃ አቁሯል።

"አይሆንም" አልኩት ባለቤቱን። "በሸራ እንሸፍነውና ይድረቅ።"

"ቅዳሜ የሰርግ እንግዶች ይገቡብኛል እኮ!" አለና ለላከን ተቋራጭ ደውሎ ስልኩን ሰጠኝ።

"ጨርሰሽ ውረጂ" አለኝ ተቋራጩ። "ሌላ ሥራ አለ።"

ጨርሼ ወረድኩ። እሳቱ ሲነካው እርጥበቱ ከስር ሲንጣጣ በጆሮዬ እየሰማሁ ነው የለጠፍኩት። በእንፋሎት ያበጠውን እየቀደድኩ ደረብኩበት። ሲያዩት ያምር ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውሃው ባበጠው በኩል ገባ። ልስኑ ረግፎ አልጋ ታነጥፍ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ ዘነበች ላይ ወደቀ። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ።

"ሶሌታው ድሮም የተሰነጠቀ ነበር በይ" አለኝ ተቋራጩ። እኔ ግን ወደ ጨንቻ ወጣሁ።

ዘነበች እጇ በጄሶ ታስሮ ቤቷ ተቀምጣለች። የቤተ ክርስቲያን እህቶች እየጸለዩላት ነበር። አሜን እስኪሉ በር ላይ ቆምኩ።

"ጣሪያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "እርጥብ መሆኑን እያወቅኩ።"

"ሌላስ ማን ያውቅ ነበር?"

"ባለቤቱም፣ ተቋራጩም።"

"እንግዲያው ያላወቅነው ከስር ያለነው ብቻ ነን" አለች።

በማግስቱ ውሃው የገባው ሶሌታው ተሰንጥቆ ሳይሆን እርጥብ ላይ ስለለጠፍኩ መሆኑን ለባለቤቱ፣ ተቋራጩ ባለበት ነገርኩት። ተቋራጩ ከመሪነት አነሳኝ። ጣሪያው ግን ተገፍፎ፣ በሸራ ስር ደርቆ፣ እንደገና ተሠራ። እኔም እንደ ተራ ሠራተኛ ጥቅል ተሸክሜበታለሁ።

የዘነበች እጅ ዳነ፤ እርጥብ አንሶላ መጭመቅ ግን ከዚያ ወዲህ አልቻለችም። ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች። ብዙ አናወራም።

ለጀማሪዎች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ሶሌታው እርጥብ ከሆነ ሥራ አቁሙ። አሠሪው አልሰማ ካለ ውረዱና ከጣሪያው ስር ለሚውሉት ንገሩ።