ከኡም ራኩባ የመጣው ካሴት

ባለፈው እሑድ ልጄ ከጓደኛዋ ያገኘችውን የሲዲ ማጫወቻ ሳሎን ውስጥ ስትተክል ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ። ድምፅ ማጉያዎቹን ወለል ላይ አስቀምጣ ግድግዳ አስደግፋቸዋለች። "ከፍ አድርጊያቸው፤ ተቀምጠሽ ስትሰሚ ከጆሮሽ ትክክል ይሁኑ፤ ከግድግዳውም ፈቀቅ ይበሉ" አልኳት። ሲዲውን በቀሚሷ ጫፍ ዙሪያውን ስታሸው ደግሞ ቀማኋት። በለስላሳ ጨርቅ፣ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ ተደርጎ ነው የሚጠረገው።

"አባዬ፣ ሙዚቃ እኮ ነው፤ ቀዶ ጥገና አደረግኸው!" ብላ ሳቀችብኝ።

እኔም ሳቅሁ። ዘፈኑ ጀምሮ ከዘፋኙ ኋላ የክራሩ ክሮች ተለይተው ሲሰሙ ግን አንድ የድሮ ካሴት ትዝ አለኝ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ እኔና ታላቅ እህቴ ጥሩነሽ ድንበር ተሻግረን ገዳሪፍ ነበርን። እኔ ገና ጢሜ ማቆጥቆጡ ነው። ከገበያው ጀርባ አንዲት የሣር ጎጆ ተከራይተን፣ እሷ ክሊኒክ ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፣ እኔ የሰሊጥ ጆንያ እሸከማለሁ። ባሏ ጋሼ መሳፍንት እናቱን ከአርማጭሆ ላምጣ ብሎ ክረምት ሳይገባ ተመልሶ ሄዷል። ክረምቱ ገባ፤ የዋልካው ጭቃ መንገዱን ዘጋው። ክረምቱ ወጣ፤ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ እሱ አልመጣም። እህቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። ኪስራዋን፣ ያንን ስስ የማሽላ እንጀራ፣ ቆርሳ ወጡን ታጠቅስና ሳትጎርሰው እጇ ላይ ይደርቃል። የሎሪ ድምፅ በሰማች ቁጥር ብድግ ትላለች። እኔ ሎሪውን ሳይሆን ያንን ብድግ ማለቷን እፈራ ነበር፤ ተመልሳ ስትቀመጥ ማየት ይከብዳላ።

ጋሼ መሳፍንት በአገራችን ሰርግ ሁሉ ክራር የሚመታ ሰው ነበር። አንድ የራሱ ልማድ ነበረው፤ ስንኝ ባለቀ ቁጥር ወፍራሙን ክር ሁለቴ መታ አድርጎ በመዳፉ ጸጥ ያሰኘዋል። ሌላ ሰው እንዲያ ሲያደርግ ሰምቼ አላውቅም።

የመተማው ሰው አብዱ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ፉል ስበላ ነው ያንን ካሴት የሰማሁት። ድምፁ ጆንያ ውስጥ የታፈነ ይመስላል። አንዲት ሴት ትዘፍናለች፤ ከሥሯ ክራር አለ፤ በየስንኙ መጨረሻም አንድ ነገር ጎርነን ይልና ቁርጥ ይላል። ያነሣሁትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

"አብዱ፣ ይሄ ካሴት ከየት መጣ?"

"ከኡም ራኩባ። ዝናቡ ሲያባራ ስደተኞቹ ካምፕ ውስጥ ሰርግ ነበር አሉ፤ እዚያ የተቀዳ ነው። ወላሂ ድምፁ አይረባም፤ ምን አየህበት?"

"ክራሩን የሚመታው ማነው?"

"እኔ በምን አውቄ? ከፈለግህ ቴፑንም ጭምር ውሰደው። ነገ አርብ ነው፤ ሻይ ቤቱ ዝግ ነው።"

ቴፑን አቅፌ ወጣሁ። ለእህቴ ነግሬያት እሱ ሳይሆን ቢቀርስ? በዚያ አካሏ ይህን እንዴት ትችለዋለች? ባልነግራትና እሱ ቢሆንስ? መጀመሪያ ራሴ አጥርቼ ልስማው ብዬ ወሰንኩ። ከክሊኒኩ ትንሽ አልኮልና ጥጥ እንድታመጣልኝ ስጠይቃት ደነገጠች።

"ቆስለሃል እንዴ?"

"አይ እታለም፣ የሰው ቴፕ ልጠርግበት ነው" አልኳት። አላመነችኝም፤ እግሬን እያገላበጠች አየች።

አርብ ዕለት እሷ ሥራ ስትሄድ የቴፑን ባትሪ ድንጋዮች አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፤ ሲደክሙ ካሴቱን ያንቀራፍፉታል። የካሴቱን ክር የሚያነበውን ብረት በአልኮል ጠረግሁት፤ ጥጡ ጠቁሮ ወጣ። ድምፁ ትንሽ ተከፈተ፤ ግን ገና ነው። ከብረቱ ጎን ያለችውን ደቃቅ ብሎን በቢላ ጫፍ ነካሁ። ወደ አንድ በኩል ሳዞራት ጭራሽ ታፈነ። የሰው ዕቃ ሰበርኩ ብዬ አላበኝ። ወደ ሌላው በኩል እየፈራሁ ስመልሳት፣ የዘፋኟ ትንፋሽ እንኳ ሳይቀር ጥርት ብሎ ጎጆዋን ሞላት። ስንኙ አለቀ። ወፍራሙ ክር ሁለቴ ተመታ፤ ጸጥ።

ቀና ስል እህቴ በር ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላውቅም።

"እሱ ነው፤ ጋሼ መሳፍንት ነው!" አልኳት።

እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችኝ። እስከ መጨረሻው ሰማች።

"ምቱ የእሱ ነው" አለች ቀስ ብላ። "እጁ ግን የእሱ አይደለም። ይሄ ሰው ክሩን እየፈራ ነው የሚነካው፤ አዲስ ተማሪ ነው። ያስተማረው ግን መሳፍንት ነው። ተነሥ ወንድማለም፣ እንሂድ።"

ኡም ራኩባ የደረስነው በማሽላ ሎሪ ላይ ተጭነን ነው። በየመንገዱ ጉድጓድ ሆዷን በሁለት እጇ ስትደግፍ እያየሁ፣ ይህቺ ሴት መንገድ ላይ ብትወልድ ምን አደርጋለሁ እያልኩ ነፍሴ አልነበረችም። ካምፑ ውስጥ ክራር መቺውን ስንጠይቅ ውብሸት የሚባል አንካሳ ጎልማሳ አሳዩን። እህቴ የባሏን ስም ስትጠራ ክራሩን አስቀምጦ ተነሣ።

"እናቱን መንገድ ላይ አብረን ቀበርናቸው፣ እመቤት" አላት። "ከዚያ እሱ ክራር እያስተማረኝ ድንበሩ ዳር ባሱንዳ ደረስን። እዚያ ንዳድ ጣለው። ሎሪው እኔን ጫነኝ፤ እሱን ግን አይተርፍም ብለው እምቢ አሉ። ይኑር አይኑር አላውቅም።"

እህቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ውኃ ላመጣ ስዞር ተነሥታ ነጠላዋን አጣፍታለች።

"ባሱንዳ በየት በኩል ነው?"

ያገኘነው ከአንድ እርሻ ዳር፣ የማሽላ አገዳ ዳስ ሥር ነው። ራሱን ተላጭቷል፤ ፊቱ ዓይን ብቻ ሆኗል፤ የእርሻው ሠራተኞች ገንፎ እያጎረሱ አቆይተውታል። እኔ አልፌው ልሄድ ነበር። እሷ ግን ሄዳ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። እሱም አፉን ከፈተ።

"እዚህ መሆኔን ማን ነገረሽ?"

"አንተው" አለችው።

ሴት ልጃቸውን ገዳሪፍ ወለዱ፤ እሱም ለልጅ ልጅ በቅቶ፣ ጎንደር ላይ፣ አልጋው ላይ ሞተ። እኔ ግን ያን ዘመን ሳስብ የሚረብሸኝ የእኛ ነገር አይደለም። በዚያ ዓመት በየዳሱና በየሎሪው ሥር ሰው ሁሉ የራሱን ሰው ይጣራ ነበር። አብዛኛው ጥሪ ታፍኖ ቀረ፤ የሰማውም "አይረባም" ብሎ አለፈው። እኔም ያን ቀን ርቦኝ አብዱ ሻይ ቤት ባልቀመጥ ኖሮ አልፌው እሄድ ነበር።