ጋሽ ለሜሳ ለገና ወይን ፍለጋ የሄዱ ዕለት

የቤተ ክርስቲያናችን ታላቅ ሽማግሌ አቶ ለሜሳ ባለፈው ሳምንት የካ አባዶ በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐርፈዋል። ዜናውን ስንሰማ ሁላችንም አለቀስን። ቆይቶ ግን ድንኳኑ ውስጥ አንዱ የወይኑን ጉዞ አነሳና ለቅሶ ቤት መሆናችንን እስክንረሳ ሳቅን። ወይዘሮ ጫልቱም በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሲስቁ ስላየሁ፣ በጉዞው የነበርኩት እኔ ታሪኩን እንደሆነው ብጽፈው ቅር እንደማይላቸው ተረዳሁ።

ጋሽ ለሜሳ ገበሬ ነበሩ። ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ምስርና ባቄላ ሲዘሩ ኖረዋል። አዲስ ነዋሪ በመጣ ቁጥር ሄደው፣ ያለ አንዳች ቂም፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ የምትኖሩት ምስሬ ላይ ነው» ይሉ ነበር። እኔንም የተቀበሉኝ እንዲሁ ነው። የኔ ብሎክ ባቄላው ላይ ነው።

በመጠጥ ጉዳይ ግን ቀልድ አያውቁም ነበር። ግሮሰሪ ያለበትን መንገድ ትተው በጭቃው በኩል ይዞራሉ። ልብስ ሰፊው ግርማ ጠጥቶ ጉባኤ መጣ ተብሎ ከጌታ እራት እንዲታገድ ያደረጉት እሳቸው ነበሩ። ግርማ ከዚያ ወዲህ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና እራቱ ሲቀርብ ቀስ ብሎ ይወጣ ነበር።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ገና ሲቃረብ፣ ጋሽ ለሜሳ ለእራቱ የምናቀርበውን በውኃ የተበጠበጠ ቀይ ሽሮፕ ቀመሱና ተቆጡ። «ጌታችን ስለ ወይን ፍሬ እንጂ ስለ ሽሮፕ አልተናገረም!» አሉ። ከወይን እርሻ ራሳችን ገዝተን፣ በእጃችን ጨምቀን ካላቀረብን ብለውም ሙጭጭ አሉ።

እሳቸው፣ ወይዘሮ ጫልቱና ከመዘምራን እኔ ሆነን በሾፌሩ በደሳለኝ ሚኒባስ ወደ ዝዋይ ወረድን። ጋሽ ለሜሳ ለእንጦጦ ብርድ የለበሱትን ካፖርት አላወልቅም ስላሉ፣ ሙቀቱ ውስጥ ስንገባ ፊታቸው በላብ ታጠበ። ወይኑ ረድፍ በረድፍ ተዘርግቶ፣ ከወዲያ ተራራው ቆሞ ሲያዩ ደግሞ መታገሥ አቃታቸው። «ቆይ አቁም!» እያሉ በየቦታው ይወርዱና አፈሩን በጣታቸው ፈጭተው ያሸታሉ። «ይህ መሬት ምስር ያበቅላል» ይላሉ። የመጣነው ወይን ልንገዛ መሆኑን ወይዘሮ ጫልቱ ደጋግመው አስታወሷቸው።

የደረስንበት እርሻ ወይን ጠጁን የሚያስቀምስ፣ እንግዳ የሚቀበል ኖሯል። እኛ አላወቅንም። ጋሽ ለሜሳ ከዘበኛው ጋር «አካም ጅርቱ?» ተባብለው በኦሮምኛ ዘር ሲቆጥሩ ቆዩ። ከዚያ አንዲት ፈገግተኛ ልጅ ጥላ ሥር አስቀመጠችንና ብርጭቆ አቀረበችልን።

«ልጄ፣ የወይን ጭማቂ ነው?» አሉ ጋሽ ለሜሳ።

«አዎ አባባ፣ ንጹሕ የወይን ነው።»

በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። «ትንሽ ጎምዘዝ ይላል፤ ሳይበስል ለቅመውት ነው» አሉ። ልጅቷ ደገመችላቸው። ወይዘሮ ጫልቱ የራሳቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ «ለሜሳ፣ ይሄ ነገር ሽታው አላማረኝም» አሉ።

«ሰው ቤት መጥተሽ የቀረበልሽን አትናቂ!» አሉና የሚስታቸውንም ጠጡላቸው።

ጥቂት ቆይተው ተነሡ፤ ወዲያው ተመልሰው ተቀመጡ። ተራራውን አተኩረው አዩና፣ «ጫልቱ፣ ያንን ተራራ ያዢው» አሉ። ቀጥለው በወይኑ መሃል እየዞሩ መዘመር ጀመሩ። ይህ ድምፅ መዘምራን ለመግባት ተፈትኖ የወደቀ ድምፅ ነው። ዘበኛውን አቅፈው ባረኩት፤ ደሳለኝንም ባረኩት። ሚኒባሱን ሲባርኩ ወይዘሮ ጫልቱ ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው። ወይናችንን በሳጥን ጭነን ተመለስን።

መኪናው ውስጥ አንቀላፍተው ኖሮ ሞጆ አካባቢ ነቁ። «ያች ልጅ ያጠጣችኝ ምንድን ነው?» ሲሉ ሁላችንም ወደ መስኮት ዞርን፤ ደሳለኝ እንኳ መንገዱን ትቶ።

«ወይን ጠጅ ነው፣ ጋሽዬ» አልኩ በመጨረሻ።

ወይዘሮ ጫልቱ ፈጠን ብለው፣ «ማንም አያውቅም። እዚሁ መኪና ውስጥ ይቀራል» አሉ።

«እኔስ? እኔም መኪና ውስጥ ልቅር?» አሉ ጋሽ ለሜሳ።

ሰፈር ስንገባ ደሳለኝን ከግርማ ልብስ ስፌት ቤት ፊት አስቆሙት። ግርማ ሲያያቸው ሊገሥጹት የመጡ መስሎት ግድግዳውን ተደገፈ። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ግርማ፣ እኔ በሦስት ብርጭቆ ተራራ ዞረብኝ። አንተ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቆመህ ሄድክ?»

ግርማ እያሾፉበት እንደሆነ ለማወቅ ወደ እኔ አየ። «መቼ ቆሜ ሄድኩ፣ ጋሼ» አለ። «ልተወው እየፈለግኩ ብቻዬን አቃተኝ እንጂ።»

«እኔ ስንገዳገድ ጫልቱ ክንዴን ያዘችኝ። አንተን ግን ስናስወጣህ እንጂ ስንይዝህ አላየሁም» አሉት።

በማግስቱ ሽማግሌዎችን ሰብስበው ሁሉን ተናገሩ። «ለግርማ ያወጣነው ደንብ ለእኔም ይሥራ፤ ከእራቱ አግዱኝ» አሉ። መጋቢያችን ሳቃቸውን ለመደበቅ መጽሐፍ ቅዱሱን ፊታቸው ላይ ከፈቱት፤ ተገልብጦ ነበር። «እርስዎ እኮ ሳያውቁ ነው የጠጡት» ሲሏቸው ጋሽ ለሜሳ በጣታቸው ቆጠሩ።

«የመጀመሪያውን አዎ። ሦስተኛውን እጠራጠራለሁ።»

እንግዲህ ወይ ገና ደርሶ ታላቁን ሽማግሌ ማገድ ነበር፣ ወይ ግርማን መመለስ። ግርማ ተመለሰ። ወይኑንም አብረው ጨመቁት፤ ጋሽ ለሜሳ እንዳይፈላ ፈርተው ከዕቃው አጠገብ አልተለዩም። ግርማ ከዚያ በኋላም የወደቀበት ጊዜ አለ። ጋሽ ለሜሳ ግን ሱቁን በሚዘጋበት ሰዓት እየመጡ በግሮሰሪው መንገድ አብረውት ያልፉ ነበር። በጭቃው በኩል መዞራቸውን ተዉ።

ጋሽ ለሜሳ፣ አባታችን፣ እንግዲህ በሰላም ይረፉ። ስለ ወይዘሮ ጫልቱ አይጨነቁ፤ ቤቱን ሰው ተለይቶት አያውቅም። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ባለፈው እሑድ የማናውቀው ሰው መጥቶ በራችን ላይ ቆመ፤ መግባት ፈርቷል። ሁላችንም እንደ ልማዳችን ወደ እርስዎ ወንበር ዞርን። ባዶ ነበር። ከዚያ ግርማ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደና የሰውየውን ክንድ ያዘ።