ጊደር የያዘው ልብስ ሰፊ

ባለቤቴ አብዱልሰመድ መንደራ ቆጪ፣ በቤታችን በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ካድሬውም የቀበሌ ሹሙም ካኪ ያሰፋል። ስለዚህ ከማለዳ እስከ መግሪብ ከስፌት መኪናው አይነሳም። ስኳር የበዛበትን ሻይና በቅቤ የራሰ ገንፎውን እዚያው አቀርብለታለሁ። ሆዱ እየገፋ ሲመጣ ሰው ሁሉ "ማሻአላህ፣ ተመችቶሃል" ይለው ነበር። እኔን ግን ሸቤ ይኖር የነበረው ታላቅ ወንድሙ አባቦራ ይታወሰኛል። እሱም እንዲሁ ወፍሮ ወፍሮ፣ ኋላ ጉበቱን ታሞና ከስቶ ነው የሞተው።

አብዱልሰመድ ቀኝ ጎኔን ከበደኝ ሲል ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ደሙን አስመረመረ፤ ከጎድኑ ሥር በጣቶቹ ደጋግሞ ዳሰሰው።

"ጉበትዎ በስብ ሳያብጥ አልቀረም። መጠጥ ይጠጣሉ?"

"ወላሂ፣ ቀምሼም አላውቅ።"

"እንግዲያው ከመቀመጡና ከምግቡ ነው። ቅቤና ስኳር ይቀንሱ፤ በየቀኑ ላብ እስኪልዎ በእግር ይሂዱ። አሁን ከሆነ ይድናል። ከጠና ግን የምሰጥዎ መድኃኒት የለኝም።"

"እግሬማ ቀኑን ሙሉ የመኪናው መርገጫ ላይ ነው" አለ አብዱልሰመድ። ሐኪሙ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ጎረቤት ሕመሙ የጉበት መሆኑን ሲሰማ ሊጠይቀው መጣ። እኛ ዘንድ ጉበቱን የታመመ ሰው ይተኛል፣ ማር ይልሳል። ያመጡትን ማርና ቅቤ አመስግኜ ተቀብዬ ጓዳ ደበቅሁት። እሱን ደግሞ ከአሱር ሶላት በኋላ በአዌቱ ወንዝ መንገድ እንዲሄድ አስወጣው ጀመር።

ክረምት ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው። አንድ ቀን ሲመለስ ጫማውን ልጠርግ ባነሳው ሶሉ ላይ እንኳ ጭቃ የለም።

"በየት በኩል ነው የሄድከው?"

አቀረቀረ። "ባለጋሪው ፈየራ አሳፈረኝ።"

"ትናንትስ?"

"ትናንትም። ምን ላድርግ ዘይቡ? ፈረሱን አቁሞ 'ማሎ፣ እባክዎ ይውጡ' ይለኛል። እምቢ ስለው 'አኩርፈውኛል እንዴ?' አለኝ። ሐኪም አዞኝ ነው ብዬ ብነግረው 'የታመመ ሰውማ ጭራሽ በእግሩ አይሄድም' ብሎ ክንዴን ይዞ አወጣኝ።"

ልቆጣ አልቻልኩም። የሚያውቁትን ታማሚ በእግሩ እያዩ በጋሪ ማለፍ በከተማችን ነውር ነው። ግን ደግነታቸው ሊገድልብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ከብት የሚጎትት ሰው ብቻ ነው ጋሪ ላይ ውጣ የማይባለው። ይህ ትዝ ሲለኝ ጎረቤቴ ወይንሸት ዘንድ ሄድኩ።

"ጊደርሽን አብዱልሰመድ ወንዝ እየወሰደ ውሃ ያጠጣልሽ።"

"ልብስ ሰፊው? ስለ ከብት ምን ያውቃል?"

"እሷ ታስተምረው።"

ጊደሯ ጉልበተኛ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን እየጎተተችው ሲሄዱ ፈየራ ጋሪውን አቆመና "ጋሼ፣ እሷንም ልጫናት?" ብሎ ሳቀበት። ከዚያ በኋላ ግን ሰላም ብሎ ማለፍ ጀመረ። ባለቤቴም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ ይገባ ጀመር።

ቡና በሚለቀምበት ወቅት የገዛ ሱሪውን ወገብ ሲያጠብ አየሁት።

"ደስ አይልሽም?" አለኝ።

"ይለኛል" አልኩት። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ እንደሆን ግን ሰርቄ አየሁ። አባቦራም ሲከሳ መጀመሪያ የሰፋበት ሱሪው ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ አስተኝቶ ሲዳስሰው እኔ ጣቶቹን ብቻ ነበር የማየው። አንዴ ተጭኖ ቆየ። እንደገና "ይተንፍሱ" አለው። ትንፋሼን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

"ቀንሷል" አለ ሐኪሙ። "በፊት ከጎድንዎ አልፎ ይነካኝ ነበር፤ አሁን በግድ ነው የማገኘው። መሄዱን ካቆሙ ግን እንደገና ያብጣል።"

ስንወጣ ፈየራ በር ላይ ቆሟል።

"ጊደሯስ?"

"ቤት ናት" አለ አብዱልሰመድ።

"እንግዲያው ዛሬስ ይወጣሉ።"

አብዱልሰመድ አየኝ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ደግፎ ጋሪው ላይ አወጣኝ። "ዘይቡን አድርስልኝ። እኔ እከተላችኋለሁ።"

ፈየራ ቅር እያለው ልጓሙን ሳብ አድርጎ ፈረሱን በዝግታ አስኬደው። እኔ ቤት እስክንደርስ አንገቴን አዙሬ፣ ይመጣ እንደሆነ እያየሁ ነበር።